ሕፃናቱን ከትርፍ ክፍል እናውጣቸው

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1945 የናዚ ጦር ሰሜን ጣሊያንን እየለቀቀ ሲሸሽ፣ በሬጆ ኤሚሊያ ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ ቪላ ቼላ በተባለች የገበሬዎች መንደር አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪኖችና ፈረሶች ጥሎ ሄደ። መንደርተኛው ሸጣቸው። በገንዘቡ ምን ይሠራ ሲባል ወንዶቹ ቲያትር ቤት ይሁን እንዳሉ፣ ሴቶቹ ግን ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ካልሆነ ብለው እንደረቱ በአካባቢው ይተረካል። መሬቱን ገበሬ ሰጠ። ጡቡ በቦምብ ከፈራረሱ ቤቶች ተለቀመ። አሸዋው ከወንዝ ወጣ። ጉልበቱ በሌሊትና በእሑድ ቀናት ከየቤቱ ተዋጣ። ወሬውን የሰማ ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ የ25 ዓመት መምህር በብስክሌት ሄዶ ሲያይ ሴቶች ጡብ እያጠቡ አገኛቸው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን ለዚህ ሥራ ሰጠ። ትምህርት ቤቱም ጣሊያን ነፃ የወጣችበትን ቀን፣ «25 ኤፕሪል»ን፣ መጠሪያው አድርጎ ቀጠለ።

ያ መንደር የወጣበት ሥርዓት በ1928 ዓ.ም. ቦምብና መርዝ ጋዝ ይዞ የመጣብን ያው የሙሶሊኒ ሥርዓት ነው። የገዛ አገሩንም ልጆች በሕፃንነታቸው ዩኒፎርም አልብሶ እያሰለፈ፣ መታዘዝን ከሁሉ በላይ አድርጎ ሲያሳድግ ኖሯል። የቪላ ቼላ እናቶች ያን ዓይነት አስተዳደግ የት እንደሚያደርስ በልጆቻቸውና በባሎቻቸው ሬሳ አይተዋል። የሚጠይቅ፣ የሚያስብ፣ አይሆንም ማለት የሚችል ልጅ ማሳደግ ፈለጉ፤ ይህንንም ከአራት ዓመት ልጅ ጀመሩ። የዚያ ሥርዓት ጦር ተጠቂ የነበርነው እኛ ይህን ታሪክ ከሌላው ዓለም በተለየ ጆሮ ልንሰማው ይገባናል።

የሬጆ ኤሚሊያ መዋዕለ ሕፃናት ዛሬ በዓለም የሚታወቁት በማስተማሪያ ዘዴያቸው ነው። ብዙ መጻሕፍት ተጽፈውላቸዋል፤ ከየአገሩ መምህራን እየተጓዙ ይጎበኟቸዋል። እኔ ግን ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ከዘዴው ይቀድማል እላለሁ። እነዚያ ሴቶች መጀመሪያ የሠሩት ቤት ነው፤ በአራት ዓመት ልጅ ቁመት የታሰበ፣ ወላጅ የሚገባበት፣ የሕዝብ የሆነ ቤት። እኛ ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የሄድንበት መንገድ ሌላ ነው። ሕፃናቱን በብዛት መዘገብን፤ ቤት ግን አልሠራንላቸውም። ከታላላቆቻቸው በተረፈ ክፍል አስቀመጥናቸው። የታላቅ ወንድሙን ሱሪ እግሩን አጥፎ እንደሚለብስ ልጅ፣ ታናናሾቻችን በልካቸው ባልተሰፋ ክፍል ውስጥ እየዋሉ ነው።

በሬጆም ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተሳካም። በጣሊያን የሕፃናት ትምህርት ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእናቶች ማኅበርና በመዋጮ የቆሙት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ገንዘብ እያጠራቸው ተዘጉ። የሕዝብ ጉጉት ብቻውን ትምህርት ቤት ከፍቶ ማቆየት አልቻለም። የከተማው ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የራሱን መዋዕለ ሕፃናት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ለ60 ልጆች የሚበቃ፣ ስሙም «ሮቢንሰን»። የከተማው ሰው ግን ገና በጥርጣሬ ያየው ነበር። ማላጉዚና ባልደረቦቹ ታዲያ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹንና ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው ወደ መሀል ከተማ ማውጣት ጀመሩ። ልጆቹ በአደባባይ፣ በመናፈሻ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ቲያትር በረንዳ ሥር ሲሥሉ፣ ሲገነቡ፣ ሲከራከሩ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ። ግብር ከፋዩ ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ በዓይኑ ሲያይ ጥርጣሬው ረገበ። እ.ኤ.አ. በ1968 የጣሊያን ፓርላማ መንግሥት ራሱ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት ትምህርት ቤት እንዲከፍት ሕግ አወጣ። በ1970 በሬጆ መሀል በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ «ዲያና» የተባለው መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ፤ በዓመቱ ከሦስት ዓመት በታች ላሉት የከተማው የመጀመሪያ ማቆያ ተከተለ። በ1991 ኒውስዊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ዲያናን ከዓለም ምርጥ ትምህርት ቤቶች ተርታ አሰለፈው።

እስቲ ወደ ቤቱ እንግባ። እንደ ትምህርት ቤት የለመድነው ረጅም ኮሪደርና በግራ በቀኝ የተደረደሩ በሮች እዚያ የሉም። ክፍሎቹ «ፒያሳ» ወደሚሉት ሰፊ መሀል አዳራሽ ይከፈታሉ፤ የሦስት ዓመቱም የአምስት ዓመቷም እዚያ ይገናኛሉ፣ እዚያ ይጫወታሉ። በክፍልና በክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ብዙ ቦታ ላይ መስታወት ነው። መስኮቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሕፃኑ ማንም ሳያቅፈው ዝናቡን፣ ዛፉን፣ መንገደኛውን ያያል። ልጆቹ ገብተው ራሳቸውን ከየአቅጣጫው የሚያዩበት ከመስታወት የተሠራ ጎጆ መሰል ነገር አለ። «አቴሊዬ» የሚባል ክፍልም አለ፤ በውስጡ ሸክላ፣ ቀለም፣ ሽቦ፣ እንጨት፣ ቅጠል፣ ጠጠር በግልጽ መደርደሪያ ተቀምጦ ይገኛል፤ ክፍሉንም በሥነ ጥበብ የሠለጠነ መምህር ይመራዋል። ልጅ የሚያስበውን ሁሉ በአፉ ብቻ ሊናገር አይችልም፤ በእጁም ይናገራል የሚለው እምነታቸው ሙሉ ክፍል ተሰጥቶታል።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ወጥ ቤቱ ነው። በሌላ ቦታ ወጥ ቤት ከጓሮ ይደበቃል። በሬጆ ከልጆቹ እይታ ውስጥ ነው፤ በመስታወት ውስጥ ምግቡ ሲሰናዳ ያያሉ፣ ሽታው ይደርሳቸዋል፣ ተራቸው ሲደርስ ገብተው ያግዛሉ፣ ጠረጴዛ ያሰናዳሉ። ምግብ አብሳይዋ ከመምህራኑ ጋር እኩል የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ናት፤ በስብሰባቸው ትቀመጣለች። የማይበላ ልጅ ሲገጥም ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እርሷ ናት። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ልጅ ሽሮው ሲንተከተክ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ቡና ሲቆላ ጢሱን እያየ፣ ጎመን እየቀነጠሰ ያደገበት አገር ነው። መዋዕለ ሕፃናቱን ስንሠራ ግን ይህን ሁሉ ከአጥር ውጭ ትተን ጥቁር ሰሌዳና ዴስክ ብቻ አስገባን።

በመግቢያው ግድግዳ ላይ የልጆቹ ሥራና ንግግር እየተጻፈ፣ ፎቶው እየተለጠፈ ይቀመጣል፤ ወላጅ ልጁን ሲያደርስ ትናንት ምን እንደዋለ ያነባል። ወላጅ የሚቀመጥበት ቦታ ተሰናድቷል። ከመምህራን፣ ከወላጆችና ከነዋሪዎች የተውጣጣ ጉባኤ ስለ ቤቱ አስተዳደር ይመክራል። በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መምህራን አብረው ይሠራሉ። ከሳምንት የሥራ ሰዓታቸው ውስጥ ጥቂቱ ከልጆቹ ተለይተው ለሚያቅዱበት፣ ያዩትን ለሚመዘግቡበትና ከቤተሰብ ጋር ለሚመክሩበት የተመደበ ነው፤ ይህም ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ተብሎ ይቆጠራል። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ቅድሚያ ያገኛል፤ «ልዩ መብት ያለው ልጅ» ብለው ይጠሩታል።

ቤቱ ለምን ይህን ያህል ይወስናል? አንድ የአራት ዓመት ልጅ ወደ ክፍል ሲገባ በሩ ከከበደው፣ መቀመጫው እግሩን ካንጠለጠለው፣ ሰሌዳው አንገቱን ካስቀለበሰው፣ ሽንት ቤቱ የሚያስፈራው ከሆነ ለሁሉም ነገር አዋቂ መጠበቅ ግድ ይለዋል። አዋቂዋ አንዲት መምህርት ስትሆንና ልጆቹ ሃምሳ ሲሆኑ ደግሞ የቀራት መንገድ «ተቀመጡ!»፣ «ዝም በሉ!» ማለት ነው። ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ክፍሉ ሌላ ምርጫ አልሰጣትም። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ከከፈተች በኋላ፣ ልጆች ራሳቸው አንሥተው የሚያስቀምጧቸውን ቀላል ወንበሮችና እጃቸው የሚደርስባቸውን ዝቅተኛ መደርደሪያዎች ያሠራችው ይህን ስለተረዳች ነው። የዕቃው ቁመት ሲለወጥ የመምህርቷም ሥራ ተለወጠ፤ ከማዘዝ ወደ መመልከትና ወደ መርዳት።

ወደ እኛ ልምጣ። ሕፃናትን ማስተማር ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በዛፍ ጥላ ሥር፣ የቁርዓን ትምህርት ቤቱም በየመስጊዱ አጠገብ፣ መንግሥት ሳያስበው በፊት ለብዙ ዘመናት ሕፃናትን ፊደል አስቆጥረዋል። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ሲመጣ ግን የከተሜና የከፋይ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ቢጠቅስም መንግሥት ትኩረቱን አንደኛ ደረጃ ላይ አድርጎ ዘርፉን ለግል ድርጅቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማኅበረሰብ ተወው። ውጤቱ ከ16 ዓመት በኋላ ታየ፤ በዕድሜው ካለው ሕፃን ውስጥ ወደ ቅድመ መደበኛ ትምህርት የሚሄደው 5 በመቶ ገደማ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤና እና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በዩኒሴፍ ድጋፍ የጋራ ብሔራዊ ማዕቀፍ አወጡ። «ኦ ክላስ» ወይም ዜሮ ክፍል የሚባለው በየመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተው ይህን ተከትሎ ነው። ቁጥሩ በፍጥነት አደገ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የተመዝጋቢው ጥቅል ምጣኔ ወደ 40 በመቶ ተጠጋ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። በገጠር መምህር ፊት ቆሞ የማያውቅ የድሃ ልጅ ከአንደኛ ክፍል በፊት ደጃፍ ተከፈተለት። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃን በትምህርቱ መዋቅር ውስጥ አስገብቶታል። ወረቀቱ እየተስተካከለ ነው። ቤቱ ግን የለም።

የብዙ ዜሮ ክፍል መልክ ለወላጅ አዲስ አይደለም። ከግቢው ክፍሎች ያረጀው ወይም የተረፈው ይሰጣቸዋል። ዴስኩ ለአምስተኛ ክፍል የተሠራ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድ መምህርቷ የምትናገረው አይሰማም። ሜዳው የትልልቆቹ ነው፤ ኳሳቸው የሚያርፈው ትንንሾቹ ላይ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ አፉ ለትልቅ ልጅ ስለተሠራ ሕፃኑ እወድቃለሁ ብሎ ይፈራል፤ ወይ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል፣ ወይ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ስብሰባ ላይ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን የትምህርት ቤቱ ትልቁ ጥያቄ እርሱ ነው።

የግሉ ኬጂም ገንዘብ ስለተከፈለበት ብቻ ከዚህ ነፃ አልወጣም። ብዙው ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ወይም የሕንፃ ምድር ቤት ተከራይቶ፣ መኪና ማቆሚያዋን ሜዳ ብሎ፣ ሕፃኑን በሦስት ዓመቱ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቤት ሥራና በፈተና ያጣድፈዋል። ወላጅ ያን ሲያይ ልጄ ተማረ ብሎ ይደሰታል፤ አልፈርድበትም፣ ከዚህ የተሻለ አላሳየነውም። ሬጆዎች ልጆቻቸውን በጭነት መኪና ጭነው አደባባይ ያወጡት ሰው የተሻለውን በዓይኑ እንዲያይ ነው። ጥሩ የሕዝብ መዋዕለ ሕፃናት በየክፍለ ከተማው አንድ ሁለት ቢኖር፣ ለግሉም መለኪያ ለወላጅም ዓይን መግለጫ ይሆን ነበር።

አዲስ አበባ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለዚህ የተጠጋ ነገር ጀምራለች። የከተማው የቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ፕሮግራም ቤት ለቤት ወላጆችን የሚመክሩ ሠራተኞችን፣ የሕፃናት ማቆያዎችን፣ በጨዋታ ላይ የተመሠረተ ቅድመ መደበኛ ትምህርትንና የመጫወቻ ቦታዎችን በአንድ ላይ ይዞ ተነሥቷል። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጋር ተያይዞም መንገድ እየተዘጋ ልጆች እንዲጫወቱበት ተደርጓል። የከተማው የትምህርት ቤት ምገባም ባዶ ሆዱን የሚመጣውን ልጅ ቁርስና ምሳ አግኝቶ እንዲማር አስችሏል። የቀረው እነዚህ ነገሮች የሚገናኙበት ቤት ነው። ምክሩ በአንድ ቢሮ፣ ማቆያው በሌላ፣ ምግቡ በሦስተኛ፣ ክትባቱ በአራተኛ ሲሆን እናት በአራቱም ደጃፍ ተራ ትጠብቃለች።

ቤቱ ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብም ይሁን የምለው ለዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ከበፊቱ ይሻላል። በ91ኛው ቀን ግን የሦስት ወር ልጅ ለማን ይተዋል? ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ የጉልት ነጋዴዋን፣ የቀን ሠራተኛዋን፣ የልብስ አጣቢዋን ግን ያ ማቆያ አይመለከታቸውም። አያት ያለው ለአያት ይተዋል። ሌላው ከገጠር የመጣች ልጅ ሞግዚት ይቀጥራል፤ ብዙ ጊዜ ያቺ ልጅ ራሷ ትምህርቷን አቋርጣ የመጣች፣ ገና ለራሷ አሳዳጊ የሚያስፈልጋት ናት። በገጠር ደግሞ ታናሹን በጀርባዋ አዝላ የምትውለው እኅቱ ናት፤ የእርሷ የትምህርት ገበታ ባዶ ይሆናል። መዋዕለ ሕፃናት ሲገነባ አንድ ሕፃን ብቻ አይደለም የሚማረው፤ አንዲት ልጃገረድ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፣ አንዲት እናት ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

እንዲህ ያለው ቤት የአሳዳጊውን ሕይወት አውቆ መከፈት አለበት። በቀን ሥራ የምትሠራ እናት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታ ስትወጣ በ2፡30 የሚከፈት፣ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋ ደጃፍ ምንም አይረባትም። በቤቱ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትመጣበት ቀንና ክፍል ይኑር፤ ልጁ ይመዘን፣ ክትባቱ ይታይ፣ የልደት ምዝገባው ያልተፈጸመ ይፈጸም። ልጃቸው ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያት ሲመጡ «ወላጅ ይምጣ» ብሎ የሚመልሳቸው ሳይሆን «ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ» የሚላቸው ይሁን። የሚቀመጡበት አግዳሚም ይኑር። ተረት የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ለልጆቹ ቢያወጉ የትኛውም መጽሐፍ የማይተካውን ትምህርት ሰጡ ማለት ነው።

ቤት ሠርቶ ሪባን መቁረጥ ብቻ ግን ውጤት እንደማያመጣ እንግሊዝ አሳይታናለች። እዚያ «ሹር ስታርት» የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በድሃ ሰፈሮች ለትንንሽ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ጤናውን፣ ትምህርቱን፣ የወላጅ ምክሩንና የሥራ ፍለጋ ድጋፉን በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 3,600 የሚጠጉ ማዕከሎች ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት በጀቱን ቆረጠ፤ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ የቀሩትም አገልግሎታቸው ሳሳ። የአገሪቱ የፊስካል ጥናት ተቋም ዓመታት ጠብቆ ልጆቹ ሲያድጉ መረመረ። በማዕከሎቹ አቅራቢያ ያደጉ የድሃ ቤተሰብ ልጆች በ16 ዓመታቸው በሚወስዱት ብሔራዊ ፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል፤ ከሕፃንነት ካለፉ በኋላም የሆስፒታል መተኛታቸው ቀንሷል። ይሁንና በትምህርት ውጤት ልዩነት ያመጡት የመጀመሪያዎቹ፣ ብዙ በጀት የነበራቸው፣ ማኅበረሰቡ የሚወስንባቸውና ሠራተኞቻቸው ወደ ቤተሰቡ ቤት የሚሄዱት ማዕከሎች ናቸው። በኋላ በጥድፊያ፣ በቀነሰ ገንዘብ የተስፋፉት ያን ያህል አላመጡም።

ይህ ግኝት ለእኛ የበጀት አሠራር የተጻፈ ያህል ነው። እኛ ካፒታል በጀት እንወዳለን፤ ሕንፃው ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሣል። መደበኛ በጀቱ ላይ ግን እጃችን ያጥራል። ምግብ አብሳይዋ በጊዜያዊ ቅጥር ትቆያለች፤ መምህርቷ ከአንደኛ ክፍል መምህር ያነሰ ደመወዝና ሥልጠና ታገኛለች፤ የተሰበረው ዥዋዥዌ ሳይጠገን ዓመት ያልፈዋል። ሬጆ ቤቱን ስትሠራ ለምግብ አብሳይዋ፣ ለሁለተኛዋ መምህርትና ለዕቅድ ሰዓታቸው የሚከፈለውንም አብራ መድባለች። ይህ ካልተደረገ ባይሠራ ይሻላል አልልም፤ ተሠርቶ ባዶ የሚቀር ቤት ግን የሚቀጥለውን ቤት ጠያቂ ያሳጣል።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንደኛ ክፍል በፈረቃ በሚማርበት፣ በጦርነት የፈረሱ ትምህርት ቤቶች ገና ባልተጠገኑበት አገር ለአራት ዓመት ልጅ የተለየ ቤት መገንባት ቅንጦት ነው ይባላል። የሚሉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለሌላው ልጅ ተቆርቋሪዎች ናቸው። ሆኖም ቁጥሩን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው በምግብ እጥረት ቀንጭረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ገደማው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ትምህርት የሚያቋርጠው ልጅ ለረጅም ዓመታት ከሌላው ክፍል ሁሉ በልጦ የታየው አንደኛ ክፍል ላይ ነው። አንደኛ ክፍልን የሚያጨናንቀው ደግሞ የሚደግመው ልጅ ጭምር ነው። ሁለት ጊዜ ለተቀመጠ ልጅ ሁለት ጊዜ እንከፍላለን። ያ ገንዘብ ቀድሞ ቢወጣ፣ ምግብና ጨዋታ ባለበት ቤት ቢውል፣ አንደኛ ክፍሉ ራሱ ይቃለል ነበር።

ደግሞ የምጠይቀው የጣሊያንን ሕንፃ ገልብጦ ማምጣትን አይደለም። ውድ መስታወት አያስፈልገንም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አብዛኛው ቀን ብርሃን ነው፤ ሰፊ በረንዳና ጥላ ያለው ዛፍ በጥቂት ወጪ ሁለተኛ ክፍል ይሆናሉ። ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆነው ቤት ለሰመራ ሙቀት አይሆንም፤ በአንዱ ወፍራም ግድግዳና ፀሐይ የሚገባበት መስኮት፣ በሌላው ነፋስ የሚያልፍበት ክፍትና ከፍ ያለ ጣሪያ ያስፈልጋል። በአንድ የመንግሥት ንድፍ አገሩን ሁሉ ማዳረስ የለመድነው ስሕተት ነው። ድንጋይ ጠራቢው፣ ቀርከሃ ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ በየአካባቢው አሉ። ወላጅም ጉልበቱን ለመስጠት አይሰስትም፤ በየገጠሩ ትምህርት ቤት የቆመው ብዙ ክፍል በኅብረተሰብ መዋጮ የተሠራ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ግን መዋጮ ሲሰበሰብ ብቻ የሚጠራ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት እናቶቹ ይዩት፣ ወጥ ቤቱ የት ይሁን፣ ሽንት ቤቱ ምን ያህል ይራቅ የሚለውን እነርሱ ይወስኑ።

መሬት ከሁሉ ይቀድማል። ሰፈር ፈርሶ በአዲስ ሲሠራ፣ የኮንዶሚኒየም ሳይት ሲታቀድ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከለል ለመኪና ማቆሚያና ለሱቅ ቦታ እንደሚተው ሁሉ ለመዋዕለ ሕፃናትም ይተው፤ ካርታ ወጥቶለት፣ ማንም ወረዳ በኋላ ለሌላ አገልግሎት እንዳያዛውረው ተመዝግቦ። ሕፃን በእግሩ ሊሄድበት በሚችለው ርቀት ይሁን። የአራት ዓመት ልጅን ታክሲ ወረፋ ላይ የሚያቆም ዕቅድ ለሕፃን የታሰበ ዕቅድ ሊባል አይችልም።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የየወረዳውና የየክፍለ ከተማው ምክር ቤት አባላት የሚቀርብላቸውን ሰነድ ሲያገላብጡ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ በካርታ የተከለለ የመዋዕለ ሕፃናት መሬት፣ በቋሚ መደብ የተያዙ መምህራንና ምግብ አብሳዮች፣ ለጥገና የተለየ ገንዘብ። ሦስቱ ከሌሉ ሰነዱን አያጽድቁት። ወላጅም በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ እጁን አውጥቶ ስለ ዜሮ ክፍሉ ሽንት ቤት ይጠይቅ።